ኡቡንቱ ከታደሰ በኋላ አልነሳ ሲል

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ የነበረውን ስርዓተ ክወና፣ ኡቡንቱ 22.04ን፣ ወደ 24.04 አሳደግኩት። ሪስታርት ሳደርገው ጥቁር ስክሪን ላይ «ከርነል ፓኒክ» የሚል ጽሑፍ ያመጣና እዚያው ይቆማል። የመመረቂያ ጽሑፌ ውስጡ ነው። ፎርማት ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም ፎርማት እንዳታደርገው! የተበላሸው ማስነሻው ነው፤ ጽሑፍህ ደህና የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው፦ ቡት የሚባለው የዲስኩ ክፍል ለብቻው ተከፍሎ ጠባብ ከሆነ (ዲስኩ ሲመሰጠር እንዲያ ይሆናል) አሮጌ ከርነሎች (ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው) ይሞሉትና አዲሱ ከርነል ለመነሳት የሚፈልገው ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ፋይል ሳይጻፍ ይቀራል፤ ያለ እሱ ደግሞ ከርነሉ ዲስኩን ማግኘት ያቅተዋል።

ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራው። የአምራቹ አርማ እንደታየ ኢስኬፕን ነካ አድርግ፤ ኮምፒውተርህ የሚነሳው በቆየው ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስጀመሪያ ፕሮግራም) ከሆነ ሺፍትን ተጭነህ ቆይ። የግረብ (ኡቡንቱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ማውጫ ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተህ የቀድሞውን ከርነል ምረጥ። እኔ ከሁሉ በፊት የምሞክረው ይሄን ነው። ከተነሳልህ ሌላ ምንም ሳትነካ ጽሑፍህን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ከዚያ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የማትጠቀምባቸውን አሮጌ ከርነሎች አስወግድ፤ አሁን የተነሳህበትን ግን አደራ እንዳትነካው። ቦታ ሲለቀቅ ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና አሠራው፣ ግረብንም አድስ።

አሮጌውም እምቢ ካለ፣ በሌላ ኮምፒውተር ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅና ላፕቶፕህን በእሱ አስነሳ። «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ብቻ ምረጥ። ዲስክህን ከፍተህ ፋይሎችህን ታወጣለህ፤ የተመሰጠረ ከሆነ የይለፍ ቃሉን ይጠይቅሃል።