ልጆች ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ፦ ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄዎቹ የቀረቡት በምሥራቅ ጎጃም ከሚሠሩ መምህራን፣ ከጤና ባለሙያዎችና ከወላጆች ነው። መልስ የሰጠሁት በልጆች አእምሮ ጤና ላይ በምሠራበት ልምድ ሲሆን፣ አንድን ልጅ ሳያዩ በጽሑፍ መመርመር ስለማይቻል መልሶቹ ለጠቅላላ ግንዛቤ ብቻ የሚያገለግሉ ናቸው።

ጥያቄ (መምህር፣ ከደጀን)፦ ስምንት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ለተማሪዎቻችን አስሞልተናል። 17 እና ከዚያ በላይ ያመጡት ሁሉ ታመዋል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያስሞላችሁት ክራይስ-8 የሚባለው፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ልጆች የሚሰማቸውን ጭንቀት የሚለካው መጠይቅ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ መልስ 0፣ 1፣ 3 ወይም 5 ይያዝለታል፣ ድምሩም እስከ 40 ይደርሳል። የመለያው ነጥብ ሌላ አገር በሚኖሩ ልጆች ላይ ተጠንቶ የተወሰነ ነው፤ ተግባሩም ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ መጠቆም እንጂ በሽታን መሰየም አይደለም። መምህሩ ፊቱ ቆሞ ሳለ የሚሞላ ልጅ ፈተና የቀረበለት ይመስለዋል፤ ቤተሰቡ መጠይቁን ከእርዳታ እህል ምዝገባ ጋር አያይዞት ከሆነ ደግሞ መልሱ ወደዚያው ያዘነብላል። ስለዚህ ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት ዓላማውን ለወላጆች ማስረዳት፣ ጥቂት ልጆችንም ለየብቻ አስቀምጦ እያንዳንዱን ጥያቄ በራሳቸው አነጋገር እንዲመልሱት ማድረግ ይገባል።

ጥያቄ (የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ከቢቸና)፦ ልጆቹን «የደነገጣችሁበትን ቦታ ትሸሻላችሁ ወይ?» ስላቸው «አንሸሽም» ይላሉ። ወላጆቻቸውም «ጭምት ሆኗል» ከማለት በቀር የሚነግሩኝ የለም።

መልስ፦ ከቀረቡት ሁሉ ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። መሸሽ ምርጫ ላለው ሰው ነው። ተኩስ የሰማው ድልድዩ አጠገብ ቢሆንም ግጦሹ ያለው እዚያው ከሆነ፣ ከብት ጠባቂው ልጅ ፈራሁ ብሎ አይቀርም። ስለዚህ «ትሸሻለህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «እዚያ ስትደርስ ምን ትሆናለህ? ከብቶቹን ከወትሮው ቀድመህ ትመልሳለህ? አብሮህ እንዲሄድ ሌላ ልጅ ትለምናለህ?» ብለው ቢጠይቁት ያልነገረዎትን ይነግርዎታል።

ጭምትነትን በተመለከተ፣ በአካባቢያችን ዝም ያለና ታዛዥ ልጅ ስለሚመሰገን ወላጅ ዝምታውን እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ ለውጡን የሚያወጣው «ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ወላጆች የልጃቸውን ውስጣዊ ጭንቀት አሳንሰው ማየታቸው በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ልጁንም እናቱንም ለየብቻ ያነጋግሩ። ሌሊት ይባንናል? ይቃዣል? በር ሲንኳኳ ይበረግጋል? ሆዴን ወይም ራሴን አመመኝ የሚል ልጅ ግን በቅድሚያ ለሌላ ሕመም ይመርመር፤ የአንጀት ትላትልን በጭንቀት ማሳበብ ጥፋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣውን የጭንቀት ሕመም (PTSD) ለመሰየም ሦስት ዋና ምልክቶችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ክስተቱ አሁን እንደሚፈጸም ሆኖ መመላለሱ፣ እርሱን ከሚያስታውስ ነገር መሸሽና አደጋው ዛሬም እንዳለ ሆኖ መሰማቱ ናቸው። ሦስተኛው ለእኛ ያስቸግራል፤ ተኩስ ባልቆመበት ቀበሌ መጠንቀቅ ሕመም አይደለምና። እኔ የማየው ልጁ ጸጥታ ወዳለበት ዘመድ ቤት ሲሄድ ከቀን ወደ ቀን እየተረጋጋ መሄድ አለመሄዱን ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከሞጣ)፦ የአምስት ዓመት ልጄ ደጋግማ የቀብር ጨዋታ ትጫወታለች። ያሳስባል?

መልስ፦ እናቴ፣ ጨዋታው ብቻውን አያሳስብም፤ ልጆች ያዩትን ይጫወታሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመርመሪያ መመሪያ (DSM-5) ለ6 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ለዚሁ የጭንቀት ሕመም የተለየ መስፈርት ያስቀመጠው፣ ትንሽ ልጅ የሚሰማውን በቃል መግለጽ ስለማይችል ነው። ጨዋታው ሁልጊዜ ሳይለወጥ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያልቅ ከሆነ፣ እንቅልፏ ከታወከ፣ ትታው የነበረው ሽንት አልጋ ላይ መልቀቅ ከተመለሰና ይህ ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ባለሙያ ይያት።

ጥያቄ (አባት፣ ከደብረ ማርቆስ)፦ የሟች ወንድሜ ልጅ አባቱን በሕልሙ ያያል። ወደ ጸበል ልውሰደው ወይስ ወደ ሐኪም?

መልስ፦ ሟችን በሕልም ማየት በሐዘን ጊዜ የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ሕመም አይባልም። ልጁ ካየው በኋላ ይጽናናል ወይስ በፍርሃት ይነቃል? ጸበሉን ከሕክምናው ጋር ማስኬድ ይቻላል፤ ለሐኪሙ አይደብቁት። ቤተሰቡ የሕመሙ መንስኤ ምንድን ነው ብሎ እንደሚያምን መጠየቅ የምርመራው አካል ነው፤ ለዚህም 16 ጥያቄዎች ያሉት የባህል ቃለ መጠይቅ በዚያው የአሜሪካ መመሪያ ውስጥ ይገኛል።

ጥያቄ (ርዕሰ መምህር፣ ከሉማሜ)፦ ተማሪዎችን በአዳራሽ ሰብስበን ያዩትን እንዲናገሩ ብናደርግስ?

መልስ፦ አታድርጉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክር፣ በቅርቡ አስደንጋጭ ነገር የደረሰባቸውን ሰዎች በአንድ መቀመጫ ያዩትን እንዲዘረዝሩ ማድረግ አይገባም ብሏል። ትምህርቱ በሰዓቱ ይጀመር፤ ሊናገር የፈለገም ለሚያምነው አንድ ሰው ለብቻው ይናገር። መሞት እፈልጋለሁ ያለ ልጅ ካለ ግን ማንኛውንም መጠይቅ ሳትጠብቁ፣ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።