የሰልጣኝ ሰነድ በአሰልጣኝ እጅ

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመዘገበ ሰው መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የጤና ምርመራ ውጤቱን፣ ጉርድ ፎቶግራፉንና ስልክ ቁጥሩን ለማሰልጠኛው ያስረክባል። ስለ እርሱ ይህን ሁሉ የሚያውቅ የቅርብ ጎረቤት እንኳ አይኖርም። ከጎጃም አንባቢዎቼ የደረሱኝ አራት ጥያቄዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። ማሰልጠኛው ቀሪ ክፍያ እስክጨርስ ብሎ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዬን ዋናውን ይዞብኛል። መብቱ ነው?»

መልስ፦ ዋናውን አይቶ ከቅጂው ጋር ማመሳከር አግባብ ነው። የዕድሜ ልክ ሰነድዎን የዕዳ መያዣ ማድረግ ግን አግባብ አይደለም፤ ዕዳ በውልና በደረሰኝ ይጠየቃል። እንዲመልስልዎ ቀን ባለበት ደብዳቤ ይጠይቁ፣ ቅጂውን ያስቀሩ፤ እምቢ ካለ ማሰልጠኛውን ለሚቆጣጠረው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። ወደፊት ቅጂ ሲሰጡም በላዩ ላይ «ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ብቻ» ብለው ከነቀኑ ይጻፉበት።

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። አሰልጣኜ ቁጥሬን ከመዝገብ አውጥቶ ማታ ማታ ይደውልልኛል። ብከሰው ይጥለኛል ብዬ ፈራሁ።»

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አንድ መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይውል ይከለክላል፤ ቁጥርዎን የሰጡት ለልምምድ ሰዓት ቀጠሮ ነው። ፈተናውን የሚሰጠውም አሰልጣኙ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ፣ መልእክቶቹን አያጥፉ፣ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳውቀው አሰልጣኝ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ዛቻ ካለበት ወይም ካላቆመ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ «ሞጣ ላይ አሰልጣኝ ነኝ። ሰልጣኞች መታወቂያቸውንና የጤና ወረቀታቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል። ስልኬ ሞልቷል፤ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ማሰብዎ አስደስቶኛል፤ እንደ እርስዎ የሚጠይቅ አሰልጣኝ ቢበዛ እመኛለሁ። ከጤናው ወረቀት ይጀምሩ። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ሰልጣኙ ሲነዳ መነጽር ማድረግ እንዳለበት የመሰለውን ለደኅንነት የሚያስፈልግ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረው የሐኪሙና የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ሰነዱን በቀጥታ ለማሰልጠኛው መዝገብ ቤት እንዲያስረክቡ ይንገሯቸው።

ስልክዎ ላይ ያለውን መዝገብ ቤቱ መረከቡን አረጋግጠው ይሰርዙ። ከቴሌግራሙ ብቻ መሰረዝ አይበቃም፤ ፎቶው በስልኩ የፎቶ ማከማቻም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ቢጠፋም የተሰረዙ ፎቶዎች በሚቆዩበት ክፍል ለቀናት ይቀራል። ሁሉንም ያጽዱ። ስልኩን በይለፍ ቃል ይቆልፉ፤ ሲሸጡትም ውስጡን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ይሁን። ቢጠፋብዎ ሳይፈሩ በዕለቱ ለማሰልጠኛው ይንገሩ፤ የመረጃ መጥፋትን አዋጁን ለሚያስፈጽመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለማሳወቅ ለማሰልጠኛው የተሰጠው ጊዜ 72 ሰዓት ነው።

በደብዳቤዎ ያላነሱትን አንድ ነገር ልጨምር፦ የሰልጣኞች ስምና ስልክ የተጻፈበት ደብተር። መኪናው ወንበር ላይ ከተተወ ቀጥሎ የሚገባው ሰልጣኝ ሁሉ ያነበዋል።

ጥያቄ፦ «ደጀን ነው ያለሁት። ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋብኝ የተቀረጸው ቪዲዮ ሳልጠየቅ በማሰልጠኛው የቲክቶክ ገጽ ተለቀቀ።»

መልስ፦ ፊትዎም የእርስዎ መረጃ ነው፤ ያለ ፈቃድዎ ለማስታወቂያ ሊውል አይገባም። ገጹን ፎቶ አንስተው ማስረጃ ያስቀሩና እንዲያነሱት በጽሑፍ ይጠይቁ። ለሥልጠና ሲመዘገቡ የፈረሙት ቅጽ ላይ ስለ ቪዲዮ የሚናገር አንቀጽ ካለም ያንብቡት፤ ፈቃድ ሰጥተው ቢሆን እንኳ መልሰው መሻር ይችላሉ።