ሌክቸር ላይ የሚያንቀላፉ ሬዚደንቶች

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ለሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ስለ ታካሚ ደህንነት ሌክቸር ስሰጥ ያንቀላፋሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሌክቸሩን ያሳጥሩና ዋርድ፣ ማለትም ታካሚዎች የተኙበት ክፍል፣ ይዘዋቸው ይግቡ። እኔ የምጀምረው ከተረኞች ርክክብ ነው። አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ ቆመን እናዳምጣለን። ስለ አንዲት ታካሚ «ፖታሲየሟ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ተሰጥቷታል» ይላል። ስንት ተሰጣት? መቼ በድጋሚ ይለካል? ውጤቱን የሚከታተለው ማነው? ይሄኔ ሁሉም ይነቃል።

ከዚያ አንድ ትንሽ ለውጥ ያስመርጧቸው፤ ለምሳሌ ተረካቢው የሰማውን መልሶ ይናገር። አንድ ዋርድ ላይ ይሞክሩት፣ ስንቴ እንደተሠራበት ይቁጠሩ፣ አስተካክለው ይድገሙት። ጥራት ማሻሻል የሚባለው ይኸው ነው። ለውጡ ትንሽ ነው ብለው አይናቁት፤ የዓለም ጤና ድርጅት የ2009 የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) እንኳ 19 ነጥብ ብቻ ነው።

አደራ፣ ስህተት ሲገኝ «ማን አጠፋ?» አይበሉ። አንዴ ከተሸማቀቁ ሁለተኛ አይነግሩዎትም።