የደብረ ብርሃን ብርድና የጠዋት ድምፅ

እህቴ፣ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ መዘምር ነኝ። እሁድ ጠዋት ድምፄ ይሻክራል፣ ከፍ ስል ይቆራረጥብኛል። ምን ላድርግ?» ብለሻል። እኔም እዚያው ብርድ ውስጥ ነው ስዘምር የኖርኩት፤ እስኪ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

አንድ ጥር ላይ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሰርግ ሄድን። ከመኪና ወርደን በቀጥታ መዝሙር ጀመርን። ደጅ ነው፣ ማይክ የለም፣ ከጓሮ የኩበት ጭስ ይመጣል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ድምፄን ለቀቅኩት። በሦስተኛው መዝሙር ጭጭ! በርኖስ የለበሱ አንድ አባት አዝነውልኝ አረቄ በማር ሰጡኝ። ጨለጥኩት፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ከዚያ ዐሥር ቀን በሹክሹክታ ሳወራ ከረምኩ። ሹክሹክታም ጉሮሮን እንደሚያደክም ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጠዋቱ አየር ቀዝቃዛም ደረቅም ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አፍሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ወሬውን ስትመለሱ ትደርሱበታላችሁ።

እኔን ያዳነኝ ከመዝሙር በፊት ድምፅን በስትሮ ማሟሟቅ ነው። አትሳቂ! ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያዢ። ስትሮውን ሁለት ጣት ያህል አጥልቂና በቀስታ «ኡኡኡ» እያልሽ ንፊ። ውሃው ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ትንፋሽሽ ልክ ነው፤ ቆም ቀጠል ካለ እየገፋሽ ነው፣ ቀንሺ። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አየሩ መልሶ ይገፋል፤ የድምፅ አውታሮችሽ በኃይል ሳይጋጩ ይንቀጠቀጣሉ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ እዚያው ስትሮው ውስጥ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ፣ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ተንሸራተቺ፤ እንደ አምቡላንስ፣ ግን ሩቅ እንዳለ አምቡላንስ።

ስትሮ ከሌለሽ ከንፈርሽን እንደ ፈረስ ብርርር አድርጊ፣ ወይም አፍሽን ገጥመሽ «እምምም» በዪ። አፍንጫሽ አካባቢ ሲነዝርሽ ገብቶሻል ማለት ነው። ትከሻና መንጋጋ ማፍታታቱን ካባሽ እየጠበቅሽም ትሠሪዋለሽ።

ዜማ ላይ ስትደርሺ ዶ ሬ ሚ ፋ እያልሽ አትጨነቂ። የትዝታን አምስት ድምፆች ውሰጂ፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ጆሮሽ ያውቃቸዋል። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ላይ ውጪ፣ ወደ ታች ውረጂ፤ ከዚያ መነሻውን በግማሽ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ከፍ እያደረግሽ ድገሚው። ከፍተኛውን ቦታ መጨረሻ ላይ ንኪው እንጂ አትቆዪበት።

ዝንጅብል በማር የሚሉሽን አትቀየሚ፤ ይጣፍጣል፣ ጉሮሮንም ያለሰልሳል። ግን የዋጥሽው ነገር የድምፅ አውታርን አይነካውም። ቢነካውማ ትን ይልሽ ነበር! ውሃም ቢሆን ቀድመሽ ከዋዜማው ጀምሮ ጠጪ፤ በር ላይ አንድ ጠርሙስ መገልበጥ ሽንት ቤት ያመላልሳል እንጂ አይደርስልሽም።

ታዲያ ይህን ሁሉ አድርገሽ መሻከሩ በሥራ ቀንም ከቀጠለና ሦስት ሳምንት ካለፈው፣ ነገሩ የማሟሟቅ አይደለምና አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂጂ።