በአቶሚክ ቼዝ ሲጨነቁ እንዴት ይከላከላሉ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጥቁር ስጫወት ንጉሤ ጂ8፣ ግንቤ ኤፍ8፣ ወታደሮቼ ደግሞ ኤፍ7፣ ጂ7 እና ኤች7 ላይ ነበሩ። የነጩ ንግሥት ከኤች3 ወደ ኤች7 ስታነጣጥር ፈረሴን ኤፍ6 ላይ አቁሜ ወታደሩን ጠበቅሁት፤ እርሷ ግን በላችውና ጨዋታው በዚያው አበቃ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ የተሸነፉት በመደበኛው ቼዝ ልማድ ነው። በአቶሚክ መብላት ሁሉ ፍንዳታ ነው፤ የበላው ከተበላው ጋር አብሮ ይጠፋል፣ በዙሪያው ባሉት 8 ቤቶች የቆሙትም ከወታደሮች በቀር ይጠፋሉ፣ ንጉሡ የፈነዳበትም ይሸነፋል። ስለዚህ "ብትበላው እበላሃለሁ" የሚለው ዛቻ ማንንም አያስፈራም። ኤች7 ከንጉሥዎ ጋር የሚዋሰን ቤት በመሆኑ ፍንዳታው ንጉሡን ይዞት ሄደ። መፍትሔው ወታደሩን ወደ ኤች6 መግፋት ነበር። ንግሥቲቱ እዚያ ብትበላው ፍንዳታው ከ5ኛው እስከ 7ኛው ረድፍ ብቻ ይደርሳል፤ የጂ7 ወታደር በቀጥታ ካልተበላ በፍንዳታ ስለማይሞት ይተርፋል፤ ባላጋራዎም ንግሥቱን በአንድ ወታደር ይለውጣል። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት በንጉሥዎ ዙሪያ ያሉትን 8 ቤቶች ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ነጭ ገና ሲጀምር ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ቢያወጣስ?

መልስ፦ የኤፍ7ን ወታደር ወደ ኤፍ6 ይግፉ። ፈረሱ ወደ ኢ5 ወይም ወደ ጂ5 ዘልሎ ከንጉሥዎ ጋር የሚዋሰነውን ኤፍ7ን ሊበላ አስቧል። ይህ ከላይ የነቀፍኩት ዓይነት ጥበቃ አይደለም፤ እዚህ ፈረሱ ከመብላቱ በፊት እርስዎ ይበሉታል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ፤ እንዴት ልከላከል?

መልስ፦ ንጉሥዎ የት ነው? አጠገቡስ ምን ቆሟል? አቋሙን ሳይጽፉ የሚጠይቁኝን መርዳት አልችልም።

ጥያቄ፦ ለመለማመድ የትኛው ስልክ ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ሌሎች አባላት ይመልሱልዎ።

ጥያቄ፦ ባዶ ንጉሥ ብቻ ቀርቶኝ ባላጋራዬ ንጉሥና ንግሥት ካለው እጄን ልስጥ?

መልስ፦ ፈጽሞ አይስጡ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ንጉሥዎን ከንጉሡ ጎን ማድረስ ከቻሉ ቼክ ትርጉሙን ያጣል፤ ንግሥቲቱ ንጉሥዎን ብትበላ የራሷም ንጉሥ አብሮ ይፈነዳልና ሕጉ ይከለክላታል። እርሱ ሸሽቶ ቢርቅ፣ ለቆት በሄደው ቤት ይግቡ፤ ያ ቤት ምንጊዜም ባዶ ነው፣ ምንጊዜም ከሁለታችሁም ጋር ይዋሰናል። ንግሥቲቱ ስትንቀሳቀስም ሁለቱንም ንጉሦች ወደሚያዋስን ሌላ ቤት ይለፉ። ንጉሦቹ በሰያፍ ከቆሙ እንዲህ ያለው ቤት 2 ብቻ ስለሆነ፣ ንግሥቲቱ አንዱን ብትይዝ ሌላው ይቀርልዎታል። በሰሌዳው መካከል ጎን ለጎን ከቆሙ ግን 4 ቤቶች አሉ፤ ስለዚህ ባላጋራዎ ሌላ መሣሪያም ካለው ሰያፉን ይሽሹ።

አንድ አባል፦ ይቅርታ፣ ሁለት ንጉሦች ጎን ለጎን መቆም በቼዝ ክልክል ነው።

ሌላ አባል፦ እሱ በመደበኛው ነው። በአቶሚክ ንጉሥ ምንም መብላት ስለማይችል ሌላውን ንጉሥ አያሰጋውም።

የመጀመሪያው አባል፦ ታዲያ ንጉሡ ቼክ የሰጠውን ፈረስ መብላት ካልቻለ ማን ያድነዋል?

መልስ፦ ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ሕግ ጎን ለጎን መቆም ይፈቀዳል፤ ክርክሩ እዚህ ይብቃ። የፈረሱ ጥያቄ ግን ጥሩ ነው። ንጉሡ ይሸሻል፣ አለዚያም ሌላ መሣሪያዎ ፈረሱን ይበላዋል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ከፈረሱ አጠገብ የቆመ ሌላ ነገር በመብላት ፈረሱን በፍንዳታው ማጥፋት እንደሚቻል ነው። ፍንዳታው የራስዎን ንጉሥ እንዳይነካ ግን 8ቱን ቤቶች ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ የኤች7ን ወታደር በፈረስ ሳይሆን በንግሥት ብጠብቀውስ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።