«ቴብል» ማድረግ፦ ማቅረብ ነው ወይስ ማቆየት?

በእንግሊዝኛ «ኮሚቴው ሐሳቡን ቴብል አደረገ» የሚል አንብበው፣ ሐሳቡ ለውይይት ቀረበ ወይስ ተተወ ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊው የየት አገር ሰው ነው? ነገሩን የሚወስነው እሱ ነው። ቃሉ ግስ ሲሆን እንግሊዞችና አሜሪካኖች ፍጹም ተቃራኒ ነገር ይሉበታል።

ለእንግሊዞች ጉዳዩን እንወያይበት ብሎ ማቅረብ ነው። በፓርላማቸው አንድ ማሻሻያ «ቴብል ተደረገ» ከተባለ በይፋ ገብቷል። ለአሜሪካኖች ግን ይቆይ ማለት ነው። በተወካዮች ምክር ቤታቸውማ ከዚህም ይብሳል፤ ቴብል ይደረግ ተብሎ ድምፅ ከተሰጠ ሐሳቡ በአብዛኛው እዚያው ሞተ ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልዎት። በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጽፍ አንድ ገጠመኝ አንስቷል። የእንግሊዝ መኮንኖች አስቸኳይ ሰነድ «ቴብል እናድርግ» አሉ። አሜሪካኖቹ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና ይረሳ የተባለ መሰላቸው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ረጅምና መረር ያለ ክርክር ውስጥ ገቡ!

ጸሐፊውን ካላወቁት ቀጥሎ የመጣውን ይዩ። «አንቲል» (እስከ) ብሎ ቀን ከጠቀሰ፣ እስከዚያ ተላልፏል። «ፎር ዲስከሽን» (ለውይይት) ካለ ቀርቧል። አውስትራሊያ ከእንግሊዝ ጋር ናት። በካናዳ ሁለቱም ስለሚሰማ እዚያ ጠንቀቅ ይበሉ።

እርስዎ ሲጽፉ ግን፣ በተለይ አንባቢዎ ከተለያየ አገር ከሆነ፣ ቃሉን ባይነኩት ይሻላል። ለማቅረብ «ፕሮፖዝ»፣ ለማስተላለፍ «ፖስትፖን» ይበሉ።