«ፋይን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ «ሀው አር ዩ» ስባል «ቬሪ ፋይን» ብዬ ብመልስ ስሕተት ነው?

መልስ፦ ሰሚው ይረዳዎታል፤ ሆኖም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው እንዲህ ሲል እምብዛም አይሰማም። ስለ ጤና ሲነገር «ፋይን» ብቻውን ይበቃል፤ ማጠንከር ከፈለጉ «ቬሪ ዌል» ይበሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከመጣሁ ብዙ አልቆየሁም። የሥራ ባልደረባዬን «ቡና ላምጣልህ?» ብለው «አይም ፋይን» አለኝ። ስለ ቡና ስጠይቀው ስለ ጤናው የሚነግረኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ «ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው፤ ስለዚህ እንደ አገር ቤት «በሞቴ» እያሉ አይለምኑት። እርስዎም ቡናው እያማረዎት ለይሉኝታ ያህል «አይም ፋይን» ቢሉ፣ ደግሞ የሚጠይቅዎት ላይኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ለእንግዳዬ ምግብ ሠርቼ «ጣፈጠሽ?» ስላት «ኢትስ ፋይን» አለችኝ። አመሰገነችኝ ልበል?

መልስ፦ «ምንም አይልም» ከማለት ብዙ አይርቅም። ተማሪዎችን በጣም የሚያሳስተው ይህ የቃሉ ጠባይ ነው፤ ከስም በፊት ገብቶ «ኤ ፋይን ሬስቶራንት» ሲባል ምግብ ቤቱ ምርጥ መሆኑን የሚመሰክር ከፍ ያለ ሙገሳ ሲሆን፣ ከስሙ ኋላ መጥቶ «ዘ ሬስቶራንት ኢዝ ፋይን» ሲባል ግን ቤቱ ለክፉ እንደማይሰጥ ከመናገር አያልፍም። የድምፅ ቃናም እንዲሁ ትርጉሙን ይለውጠዋል፤ በጭቅጭቅ መካከል ቆረጥ ተደርጎ የሚወጣ «ፋይን!» በአፍ እሺታ ቢመስልም በልብ ቅሬታ ነው፣ እንደ እኔ አስተያየት ከግልጽ እምቢታ ይልቅ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትራፊክ ቅጣት «ፋይን» የተባለው እንዴት ነው?

መልስ፦ የሁለቱም ምንጭ ፍጻሜ ወይም ወሰን የሚል ትርጉም ያለው «ፊኒስ» የተባለ የላቲን ቃል ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር፣ ባንድ ወገን ጥራቱ ጫፍ የደረሰውን ነገር መጥሪያ ሆነ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ክርክርን የሚቋጭ ስምምነትን፣ ቀጥሎም ለዚያ መቋጫ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ በመጨረሻም ቅጣትን ለማመልከት ዋለ። «ፊኒሽ»፣ «ፋይናል» እና «ፋይናንስ» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሱ የሚሰጥዎት ወረቀት «ቲኬት»፣ የሚከፍሉት ገንዘብ «ፋይን» ይባላል።

ጥያቄ፦ «ፋይን ፕሪንት» የሚሉትስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቃሉ «ደቃቅ» ማለት ነው፤ ደቃቅ አሸዋም «ፋይን ሳንድ» ይባላል። ተጨማሪ ክፍያውና ግዴታው ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው በውሉ ግርጌ በዚያ ደቃቅ ፊደል ስለሆነ፣ የቤት ኪራይ ወይም የስልክ ውል ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት፤ ካልገባዎትም ያስነብቡት።